ፍሬሽ ማን?

ባለፈው መጋቢት ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ አግኝቷቸው ኖሮ የደረቡት ባና ርሷል። ባና ከበግ ጸጉር የሚሠራ የመንዝ ልብስ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፣ ሲርስ ደግሞ ይከብዳል፣ ሽታውም በጉ ራሱ አብሮ የተሳፈረ ያስመስላል። ረዳቱ ፊቱን አጨፍግጎ መስኮት ከፈተ። እኔ ግን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። አባቴ ባና ሠሪ ነበር። ይሁንና ሽታው ያስታወሰኝ ቤታችንን ወይም የሽመና ጉድጓዱን አይደለም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የነበረውን አንድ በልግ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምንቀመጥበትን ቀዝቃዛ ክፍል፣ የጠመኔውን ብናኝ፣ ምንም ያልገባኝን ትምህርት።

ያን ዓመት እኔና ብርቱካን መሐል ሜዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ከጓሳ ተራራ ማዶ ካለች መንደር ነን። በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል፤ ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤት እንወጣና እሑድ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ተሸክመን እንመለሳለን። ብርቱካን ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አንደኛ ናት። እኔ ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሠላሳ ስምንተኛ ነበርኩ። እሷ ኤ ሴክሽን፣ እኔ ዲ። ስንከራይ ማንም ሳይነግረን ሥራ ተከፋፍለናል፤ እሷ ታጠናለች፣ እኔ ከቦኖ ውሃ እቀዳለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ከመንደራችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ካለ እሷ ናት፤ እኔም ጄሪካኑን ስሸከም ከዩኒቨርሲቲው ጥቂቱን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር።

የካቲት ላይ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር፣ ቲቸር ሰሎሞን ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥተው ተናገሩ። የማትስ አስተማሪ ናቸው፤ በዚያው ዓመት የመጡ፣ ቀጭን፣ ብርዱን ያልለመዱ፣ ጓንት አድርገው የሚያስተምሩ ሰው።

«ከሰኞ ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የፍሬሽማን ማትስ አስተምራለሁ» አሉ። «ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው ራሱ ነው። ሰኔ ላይ ፈተና አለ። ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ዩኒቨርሲቲው ነው። ያለፈ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይያዝለታል።» ትንሽ ቆም አሉና ቀጠሉ። «ደረጃ አልጠይቅም። ሴክሽን አልጠይቅም። የፈለገ ሁሉ ይግባ።»

ሰልፉ ተንጫጫ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። ጥሩ ነገር ከመጣ ለኤ ሴክሽን ነው፤ ኮምፒውተር ክፍሉም፣ ከከተማ የሚመጣው እንግዳም፣ አዲሱ ወንበርም። እኔ ደግሞ በሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሳሳትኩ። አንደኛ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ቃሉን ለሁለት ሰበርኩት፤ ፍሬሽ፣ ማን። ጥያቄ መሰለኝ። አጠገቤ የቆመችውን ልጅ «የማን ፍሬ ነው የሚሉት?» ብላት በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ሁለተኛ፣ ከ«የፈለገ ሁሉ ይግባ» ውስጥ የሰማሁት «ሁሉ ይግባ» የሚለውን ብቻ ነው። ግዴታ መሰለኝ። እንዳልቀጣ ብዬ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ የቀረው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ቲቸር ሰሎሞን ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አሰመሩና «ሊሚት» ብለው ጻፉ።

«ኤክስ ወደ ሁለት ትጠጋለች» አሉ። «ትጠጋለች። አሁንም ትጠጋለች። በጣም ትጠጋለች። ግን ሁለትን አትነካም። እኛን የሚያሳስበን መድረሷ አይደለም፣ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ነው።»

ይህን ሲሉ ዞር ብለው ወደ እኛ ዴስክ አዩ። ደነገጥኩ። እኔን ማለታቸው መሰለኝ። ትጠጋለች ግን አትደርስም፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ደብተሬ ላይ «አትደርስም» ብዬ ጽፌ ሥሩን በቀይ አሰመርኩበት። ሳምንታት ሙሉ ስለ እኔ እንደሚያወሩ እያሰብኩ ነው የተማርኩት፤ አንዳንድ ቀን ኤክስ ታድጋለች ሲሉ ደስ ይለኛል፣ አንዳንድ ቀን ወደ ዜሮ ትወርዳለች ሲሉ ይከፋኛል።

ቤት ስንገባ ብርቱካን ጫማዋን ሳታወልቅ «አንቺም ገባሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ይግባ ተብሎ የለ?»

«የፈለገ ነው ያሉት።»

«እ?»

«የፈለገ። አንቺ ፈልገሽ ነው?»

መፈለግ አለመፈለጌን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እሷ ጄሪካኑን አየችው። ባዶ ነው። «ውሃውስ?» አለች። ጠዋት ከሰልፍ በፊት እቀዳለሁ አልኳት፤ ቀዳሁም። በየካቲት ማለዳ ውርጩ የጄሪካኑን እጀታ እንደ ብረት ያደርገዋል፤ እጄ ደንዝዞ እስክሪብቶ መያዝ የምችለው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር።

አከራያችን እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደጃቸው ላይ ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ ደግ ሴት ናቸው፤ እኛንም እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ አደራ ነበር የሚያዩን። ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ቆሙ። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነው። ብርቱካን አልጋ ላይ ሆና ታነባለች።

«ልጆች፣ ሰሞኑን ምነው አመሻችሁ?» አሉ።

«ፍሬሽማን ጀምረን ነው እማማ» አልኩ።

«ፍሬሽ ማን ነው?»

እሳቸውም ለሁለት መስበራቸው ደስ አለኝ፤ ለካ ብቻዬን አይደለሁም። «እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር፣ በኋላ ነው ያወቅኩት» አልኳቸው። «ቲቸር ሰሎሞን ናቸው የሚሰጡን።»

«መምህሩ?»

«አዎ። ማንንም አይከለክሉም።»

እጃቸው ነጠላቸው ላይ ቀረ። «አንቺ ልጅ... እና እስከ መቼ ነው?»

«ከባድ ነው እማማ፤ ግን ሰኔ ላይ እገላገላለሁ።»

«በስመ አብ!» አሉና አማተቡ። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አስደንቋቸው ነው ብዬ ኮራሁ። ብርቱካንን «አየሻቸው?» አልኳት። መጽሐፏን ፊቷ ድረስ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። አልመለሰችልኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። እማማ ዘነቡ በዐቢይ ጾም መካከል ለእኔ ብቻ አጥሚት በኩባያ ያመጡልኝ ጀመር። ጄሪካን ሳነሳ ካዩኝ ከቤታቸው ይሮጣሉ። «አስቀምጪ! ከባድ አታንሺ! ብርቱካን፣ አንቺ ቅጂ!» ይላሉ። ብርቱካን ከንፈሯን ነክሳ ጄሪካኑን ታነሳለች። እኔ ቁጭ ብዬ ትኩስ አጥሚት እጠጣለሁ። ለካ ዩኒቨርሲቲ የጀመረ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው! ግን ብርቱካንም ጀምራለች፤ እሷን ለምን አያከብሯትም? ይህን አስብና ማሰቡ ራሱ ሲያደክመኝ እተወዋለሁ። አጥሚቱ ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

መጋቢት ገባ፣ የበልግ ዝናብም ጀመረ። አንድ ሐሙስ ቲቸር ሰሎሞን እያስተማሩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነው። ዱላውን ይዞ፣ ባናውን ተከናንቦ፣ ከእግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። በሥራ ቀን፣ ያለ ገበያ፣ አራት ሰዓት በዝናብ ተጉዞ የመጣበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። እናቴ የሞተች መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

አባቴ እኔን አየኝ፣ ክፍሉን አየ፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም አየ። ኮፍያውን አወለቀ። «ልጄን ፈልጌ ነው» አለ።

«ይግቡ አባት፣ ብርድ ነው» አሉ ቲቸር ሰሎሞን። «ልንጨርስ ነው፤ ቁጭ ይበሉ።»

መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠ። የረጠበው ባና ሽታ ቀስ እያለ ክፍሉን ሞላው። አንዳንዶቹ ዞረው አዩት፣ አንዷም አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ ወዲያው አሳፈረኝ። እሱ ዱላው ላይ ተደግፎ፣ አገጩን እጁ ላይ አሳርፎ፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ሰሌዳውን ብቻ ያያል። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል እጁን አነሳ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ትጠጋለች፣ ትጠጋለች የሚሏት... ማን ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ሰሎሞን ግን አልሳቁም።

«ቁጥር ናት አባቴ።»

«ቁጥር ብቻ?»

«ቁጥር ብቻ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም እዚያው ተቀምጬ አብሬው ተነፈስኩ። ስንት ሳምንት ሙሉ ልጠይቅ ፈርቼ የከረምኩትን ጥያቄ እሱ በአንድ ቀን ጠየቀልኝ። ስለ እኔ አልነበረም። ቀለል ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር አለኝ።

ውጭ ከግቢው አጥር ሥር ቆምን። «ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ አባባ። እማዬስ?»

«ደህና ናት። አንቺ... ሌላ ነገር የለም?»

«ምን ሌላ ነገር?»

ዓይኑ ወደ ሆዴ ወረደና ሸሸ። ርቦኝ እንደሆነ እያየ መሰለኝ፤ «በልቻለሁ» አልኩት።

«እማማ ዘነቡ ሰው ልከው ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ልጅህ ሰኔ ላይ ትገላገላለች ብለው።»

«አዎ፣ ከፈተናው» አልኩ።

«ከፈተናው?»

«ከፍሬሽማን ፈተና።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ባናውን ፊቱ ላይ ሳበው፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ያኔም አልለየሁትም፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ነገሩ የገባኝ እማማ ዘነቡ ቤት ስንደርስ ነው። እሳቸው ደረታቸውን ይዘው «እኔ ደግሞ ፍሬሽ ስትለኝ! መምህሩ ሰጡኝ ስትለኝ!» እያሉ ይቅርታ ለመኑ። አባቴ ደግሞ እየደጋገመ «ቁጥር ናት፣ እኔ ራሴ ጠይቄያለሁ» ይላቸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ከማግስቱ አጥሚቱ ቀረ፤ ጄሪካኑም ወደ እኔ ተመለሰ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የራሱ አደረገው። ቤት ስሄድ ገና በር ሳልገባ «ያቺ ልጅ ደረሰች?» ይለኛል። «አትደርስም አባባ» እለዋለሁ። «አሁንም?» ይልና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ክፍሉ ግን በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉት መጀመሪያ ቀሩ፣ ከዚያ በአንድ ዴስክ ላይ አምስት የነበሩት ሁለት ሆኑ። የሚገርመው ቶሎ የቀሩት ከኤ ሴክሽን መሆናቸው ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቲቸር ሰሎሞን ከሃያ የሚታረም ፈተና ሰጡን። እኔ አራት አገኘሁ። ብርቱካን አምስት።

አራት ማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዜሮ ነበር የጠበቅኩት። ወረቀቴን እያየሁ ቤት ስገባ ብርቱካን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ሳታቋርጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነቱን ብቻ ነበር ልነግራት የፈለግኩት።

«አይዞሽ» አልኳት፣ «አለመግባቱ ይለመዳል።»

ዞራ እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። የሰደብኳት ያህል ነበር። እኔ ግን የምናገረው ስለማውቀው ነገር ነው። እሷ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ሳይገባት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። እኔ አሥር ዓመት ተቀምጫለሁ። ሳይገባኝ መጻፍ፣ ሳይገባኝ መቆየት፣ ነገ ተመልሶ መምጣት እችልበታለሁ። እንደ ችሎታ ግን አልቆጠርኩትም ነበር፤ ማንም አልነገረኝማ።

ከፋሲካ በኋላ ዩኒቨርሲቲው አሥራ ሁለት መጽሐፍ ላከ። በዚያን ጊዜ ሠላሳ ያህል ቀርተናል። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ወረቀት ይዘው መጡና መጽሐፉ ለሁሉም ስለማይበቃ ትምህርቱ ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ ለተመረጡ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነው አሉ። ስም ጠሩ። ከጠሯቸው ውስጥ አምስቱ ትምህርቱን ከተዉ ወር አልፏቸዋል፤ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚል አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ግን መጥራታቸውን ቀጠሉ። ብርቱካን ተጠራች። የቀረነው ደብተራችንን ይዘን ወጣን። ቲቸር ሰሎሞን ጠመኔ እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ቆመው ነበር። ምንም አለማለታቸው ከመባረሩ በላይ ግራ አጋባኝ። ደረጃ አልጠይቅም ያሉት እሳቸው አይደሉ?

ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እንደ ድሮዬ ቦኖ ላይ እሰለፍ ጀመር። ብርቱካን ስትመጣ የተማሩትን አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም።

በሳምንቱ አባቴ ለአንድ ደንበኛ ባና ሊያስረክብ መጥቶ ወረፋ ላይ አገኘኝ።

«ዛሬ ትምህርት የለም?»

«አለ። እኛ ወጥተናል።»

«ምን አጥፍታችሁ?»

«ምንም።»

«ሳያጠፋ የሚባረር ሰው አለ?» አለ። ላስረዳው ሞከርኩ፤ ደረጃ፣ መጽሐፍ፣ አሥራ ሁለት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። «ነይ» አለኝ። ጄሪካኑን ወረፋው ላይ ትቼ ተከተልኩት።

ርዕሰ መምህሩ በትዕግሥት አስረዱት። «አባት፣ ልጅዎ ሠላሳ ስምንተኛ ናት።»

«ከስንት?»

«ከስልሳ ሁለት።»

አባቴ በጣቱ ቆጠረ። «ከኋላዋ ሃያ አራት ልጅ አለ ማለት ነው?» አለ ደስ ብሎት። «ይህን አልነገረችኝም።»

ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን አሹ። «ችግሩ መጽሐፍ ነው። የለም።»

«እኔ እዚያ ክፍል አንድ ቀን ገብቻለሁ» አለ አባቴ። «መጽሐፍ አልነበረኝም። ደብተርም አልነበረኝም። ማንም አላስወጣኝም። የተነገረው ነገር ሁሉ አልገባኝም፤ ግን ስወጣ ሳልገባ እንደነበርኩት አልነበርኩም። እስከ ዛሬ አስባታለሁ ያቺን ልጅ።»

«የትኛዋን ልጅ?»

«ቁጥሯን።»

ርዕሰ መምህሩ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ቲቸር ሰሎሞንን አስጠሩ። እሳቸውም ገብተው ሁለታችንን ሲያዩ ቀላ አሉ። «ከመጀመሪያውም አንዱን መጽሐፍ ለሦስት አካፍላለሁ ብዬ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ለካ ዝም አላሉም፤ ዝም ያሉት እኛ ፊት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ወረቀቱን አገኙት፣ አነበቡት። «መጽሐፍ ቢጠፋ ኃላፊው እርስዎ ነዎት» አሏቸው። «እሺ» አሉ ቲቸር ሰሎሞን።

እንዲህ ተመለስን። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከእኔ ሴክሽን የወጡትን አራቱን እየዞርኩ ነገርኳቸው። «ተዪን እታለማሁ፣ ድሮም ለእኛ አልነበረም» አለችኝ አንዷ። ሁለት ወር አብራኝ ተቀምጣ የተማረች ልጅ ናት። ለማባረር አንድ ወረቀት በቅቷል፣ ለመመለስ ግን ምን ብል እንደምትሰማኝ አላወቅኩም። በመጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቀረን። እኔና ብርቱካን አንድ ቤት ስለምንኖር አንድ መጽሐፍ ደረሰን። ቀን በቀን እንገልጠዋለን፤ እሷ ከግራ እኔ ከቀኝ፣ ብዙም ሳንነጋገር።

ፈተናው ሰኔ አጋማሽ ላይ ሆነ። ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች የታሸገ ፖስታ ይዘው መጡ። ጥያቄው አሥር ነው። ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር የራሴን ሐሳብ እንኳ አልሰማም። ሰባተኛው ላይ ቆየሁ። የማውቀው ይመስለኛል፣ እጀምረዋለሁ፣ መሃል ላይ ይጠፋብኛል። ስጽፍና ስሰርዝ ሰዓቱ አለቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልጋል። ስሜን እንደ ልማዴ ከታች ወደ ላይ ፈለግኩ፤ ለካ ወረቀቱ ደረጃ የለውም፣ በፊደል ተራ ነው የተጻፈው። አርባ ስድስት። ብርቱካን ሰባ አንድ። ቲቸር ሰሎሞን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ሰባተኛዋን ጨርሰሻት ቢሆን ታልፊ ነበር» አሉኝ።

«ሰባተኛዋን አውቃት ነበር» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ አላውቃትም ነበር።

«የታረመውን ወረቀትሽን ልከውልኝ አይቻለሁ» አሉ። «እስከ ግማሽ ድረስ ትክክል ነሽ።» አዝነው ይሁን ደስ ብሏቸው ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኳቸው። የዚያን ቀን ጓንት አላደረጉም።

በማግስቱ እኔና ብርቱካን ለክረምት ወደ ቤት ተነሳን። ጓሳ ላይ ስንወጣ ጉም ወረደብን። ሣሩ እስከ ጉልበታችን እርጥብ ነው፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ብርቱካን ከፊቴ ትሄዳለች። ስላለፈች ልትኮራ ይገባት ነበር፤ እንኳን ደስ አለሽ ስላት ግን መሬት መሬት ነው ያየችው።

«እታለም» አለች በድንገት፣ ሳትቆም።

«እ።»

«ያኔ እማማ ዘነቡ ፍሬሽ ማን ነው ሲሉ... እኔ ገብቶኝ ነበር። ምን እንዳሰቡ።»

ጓዜን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩ።

«በማግስቱም ለብቻዬ ጠርተው ጠየቁኝ። እውነት ነው ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እንጃ አልኳቸው።»

ቆምኩ። እሷም ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«አባትሽ መጥተው ይወስዱሻል ብዬ ነው» አለች። «እንዲወስዱሽ ፈልጌ ነው።»

«ለውሃው ብለሽ? ውሃ አልቀዳም ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ውሃ አይደለም።» አሁን ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አንቺም ከገባሽ፣ አንቺም ከተማርሽው፣ እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? አንደኛ ከመሆን ሌላ ምን አለኝ?»

ልቆጣ ፈለግኩ። አባቴ በዚያ ዝናብ አራት ሰዓት ሙሉ ምን እያሰበ እንደመጣ አሰብኩ፤ ዓይኑ ወደ ሆዴ ወርዶ እንዴት እንደሸሸ አሰብኩ። ቁጣው ግን አልመጣልኝም። የመጣው ስሙን የማላውቀው ነገር ነው። በሕይወቴ ማንም ፈርቶኝ አያውቅም። ከስልሳ ሁለት ሠላሳ ስምንተኛ የሆነችን ልጅ፣ አንደኛዋ ፈርታ ነበር። ያሳዝናል? ያኮራል? አብሬያት ላልቅስ ወይስ ትቻት ልሂድ? ጉሙ ውስጥ ቆሜ እንደ ሰባተኛዋ ጥያቄ ጀመርኩት፣ መሃል ላይ ጠፋብኝ።

«ሰባተኛዋን ሠርተሻታል?» አልኳት።

«ምን?»

«ሰባተኛዋን ጥያቄ። እንዴት ነው የምትሠራው?»

ጓዟን ከጀርባዋ አውርዳ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለች፤ አንድ ቀጭን እንጨት አነሳች። አፈሩ ርሶ ስለነበር ደህና አድርጎ ይይዛል። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እስከ ግማሹ አብሬያት ሄድኩ። ጨርሳ ቀና ስትል አልገባኝም ነበር።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ጽሑፉን በመዳፌ ጠረግኩት።

«እንደገና» አልኳት።